አፈሙዝና ጉርሻ

ነፍጥ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በመነሻው ከምድር የሚወጣውን ተቀጣጣይ ዘይት ያመለክት ነበር፤ በኋላ ባሩድን፣ ቀጥሎም ባሩድ የሚተፋውን መሣሪያ ለመጥራት ዋለ። በአማርኛ ደግሞ ጠመንጃ ይጎርሳል። ጥንታዊው ነፍጥ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ፣ የሚጎርሰው በአፉ ነው፤ ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈስለታል፣ ጨርቅ ይወተፍበታል፣ ጠጠር የሚያህሉ የእርሳስ እንክብሎች ይከተላሉ፣ ሁሉም በዘንግ ይጠቀጠቃል። ቀለህ፣ ማለትም ባሩድና እርሳስን ባንድነት የያዘው የናስ ቀፎ፣ ከመጣ ወዲህ ግን ጠመንጃ በማጅራቱ መጉረሱ ተለመደ፤ የማዕዱም ሥርዓት ያኔ ፈረሰ።

ግራ በተባለ የፈረንሳይ መኮንን ስም የሚጠራው የ1874 እ.ኤ.አ. ባለ ቀለህ ጠመንጃ ኢትዮጵያ ሲደርስ «ፉዚ ግራ» መባሉ ቀርቶ ውጅግራ ተባለ፤ በስምም ከሚታደነው ወፍ፣ ከጅግራ፣ ጋር ተዛመደ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1874 ደግሞ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ የተጋጠሙበት ዓመት ነው፤ ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ በመካከሉ ስምንት ዓመት ተኝቷል። ከዚያ ጦርነት በኋላ ለምኒልክ የገበሩት የለቃ ነቀምቱ ገዥ ሞሮዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ ከሚልኩት ግብር አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። በአፉ በሚጎርስ ነፍጥ ዝሆን የሚገጥም አዳኝ ከሳተ፣ ዳግመኛ እስኪያጎርስ ፋታ የሚለምነው ዝሆኑን ነው፤ ፈጣኑ ጠመንጃ ይህን ልመና አስቀረ፣ የአውሬውንም ዕድል አብሮ ወሰደ።

ጥንታዊ ነፍጥ መሰብሰብ በአውሮፓ የባለጸጎች ጨዋታ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ጠመንጃ የሚሰበስበው መንግሥት ሲሆን፣ ስብሰባውም ትጥቅ ማስፈታት ይባላል። መሰብሰብ ከጨዋታ ይልቅ የጦርነት ጉዳይ ነውና፣ ነቀምት በሚገኘው የወለጋ ሙዚየም የአደን ምርኮ የሚፈልግ ጎብኚ የጣሊያን አውሮፕላን ስብርባሪ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባውም። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ከከተማዋ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ወራሪውን የሚዋጋው የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች በሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው፤ ከሞቱትም አንዱ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ ነበር። ማኅበሩን የመሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በሰማይ ሳለ የጠመንጃ ጥይት በቀላሉ የማይደርስበት ያ በራሪ፣ የተያዘው እንደ ቆቅ በተኛበት፣ ፋታ በሚያውቁ አዳኞች እጅ ነው።

አውሮፕላኑ ይጠጣው የነበረውም ያው ከምድር የሚወጣ ዘይት፣ በጥንቱ ትርጉሙ ነፍጥ፣ ነበር።