በኤሌክትሪክ መኪና ወደ አዳማ ደርሶ መልስ

ውድ አንባቢ፥ መኪና ሊገዙ ወደ መሸጫ ቤት ገብተው ያውቁ እንደ ሆነ፥ ሻጩ ቁልፉን ሰጥቶ «እስቲ ይሞክሯት» ሲልዎ የሚመርጥልዎትን መንገድ ሳያውቁት አይቀሩም። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከበሩ ወጥቶ በለስላሳው አስፋልት እስከ ሁለተኛው መብራት ደርሶ መመለስ! በዚህ ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ወንበሩ እንደሚመችና በሩ ሲዘጋ ድምፁ ደስ እንደሚል ይታወቅ ይሆናል። የመኪናዪቱን ጠባይ ግን ዐወቅሁ ማለት፥ ሙሽራን በሠርግዋ ቀን አይቶ ስለ ትዳርዋ እንደ መመስከር ነው።

እኔ በዚህ ዐሥር ደቂቃ ልረካ ያልቻልሁበት ምክንያት ነበረኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ዐይኑን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞሩ የግድ ሆኗል። እናቴ የምትኖረው በአዳማ ሲሆን፥ ዐይንዋን ስለሚያማት በየወሩ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ትመላለሳለች። በሕዝብ ማመላለሻ እየተጋፋች መምጣትዋ ቢያሳዝነን፥ ባለቤቴና እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ቍጠባችንን ይዘን ኤስ ዩ ቪ የሚሏትን ከፍ ያለች የቤተ ሰብ መኪና ልንገዛ ተነሣን። ገንዘቡ ሁለተኛ የሚገኝ አይደለም። መኪናዪቱ እናቴን ይዛ መንገድ ላይ ብትቆም፥ የምንጸጸተው በገንዘቡ ብቻ አይሆንም።

ሻጩ ትሑት ወጣት ነው። «ጋሼ፥ አንዴ ከሞላች 500 ኪሎሜትር ትሄዳለች» አለኝ። «እንግዲያው አዳማ ደርሶ መልስ 200 እንኳ አይሞላምና አብረን እንሂዳ!» አልሁት። አንገቱን አከክ አከክ አደረገና አለቃውን አስፈቅዶ መጣ። የመንገዱን ክፍያ እኔ እንድችል ተስማማን። ባለፈው ኅዳር፥ በአንድ ቅዳሜ ጧት፥ ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጠን ከቦሌ ተነሣን። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ በመቶ 90 ሞልቷል። ኪሎዋት ሰዓት ማለት ለእንዲህ ያለች መኪና፥ ለቤንዚን መኪና ሊትር እንደ ማለት ነው ብለው ይያዙት።

ወደ ዋናው መንገድ ከመውጣቴ በፊት ግን በገዛ ሰፈሬ ኮብልስቶን አሳለፍኋት። ከባዱ ባትሪ ከወለሉ ሥር ስለሚተኛ፥ ሆድዋ ከድንጋዩ ጋር መፋተግ አለመፋተጉን በጆሮዬ ማረጋገጥ ፈለግሁ። ደኅና አለፈች። ነገር ግን በመንገዱ መካከል ኳስ የሚጫወቱ ልጆች እስክንደርስባቸው ድረስ ዘወር አላሉም፤ ለካስ አልሰሙንም! ዝምታዋ ለተሳፋሪው ምቾት ቢሆንም ለእግረኛው አደጋ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ በር አልፈው የፍጥነቱን መንገድ ሲይዙ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዐይንዎ የሚያርፍበት አያጣም። በስተግራ የረር ተራራ፥ ራቅ ብሎ በስተቀኝ ዝቋላ ይታያሉ። በመካከሉ የአድአ የጤፍ ማሳ ወርቅ መስሎ ተዘርግቷል፤ ገሚሱ ታጭዶ ተከምሯል፥ ገሚሱ አጫጁን ይጠብቃል። እኛም በሰዓት 100 ኪሎሜትር እየነዳን ድምፃችንን ሳናነሣ እንነጋገራለን። በቁልቁለቱ ላይ እግሬን ከመርገጫው ሳነሣ መኪናዪቱ በገዛ እጅዋ ቀስ ትላለች፤ ሞተሩ ያን ጊዜ ጎማው እያዞረው ኤሌክትሪክ አመንጪ ይሆንና ጥቂቱን ኀይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ፍሬኑን የነካሁት ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፈን ወደ አዳማ ስንቃረብ፥ በኮረብታው ላይ የነፋስ ኀይል ማመንጫዎቹ ነጫጭ ክንፎቻቸውን እያዞሩ ተቀበሉን። የመጀመሪያው ጣቢያ 51፥ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። ከአዳማ ወደ ደቡብ ጥቂት ወረድ ቢሉ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የቆቃን ግድብ ያገኛሉ። አገራችን የምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጐደል ከውኃ፥ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ቤንዚን ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው፤ ይህኛው ግን የገዛ ወንዛችን ነው ብዬ ሳስብ ደስ አለኝ።

አዳማ ስንደርስ 98 ኪሎሜትር ሄደናል፤ በባትሪው ውስጥ በመቶ 68 ቀርቷል። ሻጩ ፊቱ በርቶ «አላልሁዎትም ጋሼ? በመቶ 22 ብቻ!» አለ። እኔም በልቤ ሒሳቡን ስሠራ እውነትም ወደ 450 ኪሎሜትር መጣልኝ። እዚያው ቢያስፈርመኝ ኖሮ እፈርም ነበር!

እናቴ ቡናዋን ሦስተኛ እስኪወርድ አጠጣችን፤ ወጣቱንም «ልጄ፥ ብላ እንጂ» እያለች ስታጐርሰው ቆየች። ሰኞ የሐኪም ቀጠሮ ነበራትና ይዘናት ተነሣን። ጥቂት እንደ ሄድን ከኋላ ሆና «እንዴ፥ ሞተሩን አታስነሣውም?» አለችኝ። «ተነሥቶ እየሄድን እኮ ነው፥ እማዬ» ብላት፥ በመስኮቱ አየት አድርጋ ዝም አለች። የአዳማ ሙቀት በርትቶ ነበርና ማቀዝቀዣውን ከፈትን።

አሁን ነው ነገሩ የተለወጠው። ሞጆ ስንደርስ 59፥ ቢሾፍቱ ላይ 50 ሆነ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲብስ፥ ቱሉ ዲምቱ ላይ 39 አነበብን። ሻጩ ወሬውን ትቶ ቍጥሩን ብቻ ያይ ጀመር። ባለቤቴም በመስተዋቱ ውስጥ ዐይኔን ፈለገችው። መኪናዪቱ ግን ጕልበት አላነሣትም። ተራ የቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት፥ በባሕር ጠረፍ ካለው ጕልበት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ይህችኛዋ ግን አየር አትተነፍስምና ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። የጐደለው ባትሪው ነው። ቤታችን በር ላይ ስንቆም በመቶ 31 ቀርቷል።

ተአምር አይደለም፤ አዲስ አበባ ከአዳማ 700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ከነተሳፋሪው ከ2,000 ኪሎግራም የማያንስ ክብደት ያን ያህል ወደ ላይ ለማውጣት፥ ለመንገዱ ከሚያስፈልገው ሌላ፥ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። ሲወርዱ ቁልቁለቱ ያበደረዎትን፥ ሲመለሱ ዳገቱ ከነወለዱ ይቀበልዎታል። በሄድንበት በመቶ 22 ስንጨርስ፥ በመጣንበት 37 ጨረስን። ሁለቱ ሲደመሩ ለ196 ኪሎሜትር 59 ነው፤ ሙሉው ባትሪ እንግዲህ ለ330 ኪሎሜትር ገደማ ይበቃል ማለት ነው። 500 የተባለው በቻይና የመለኪያ ደንብ የተገኘ ሲሆን፥ ያ ደንብ ቀስ ብለው ለሚነዱ የሚያደላ ነው።

ወጣቱ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደግሞ ሠራው። ከዚያም ከኪሱ የዋጋ ወረቀቱን አውጥቶ፥ 500 የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዞ 330 ብሎ ጻፈበትና ሰጠኝ። እኔም መኪናዪቱን የገዛሁት ስለዚህ ነው። ለእናቴ መንገድ 330 ከበቂ በላይ ነው፤ 500 አምኜ ብገዛት ግን አንድ ቀን ወደ ሩቅ አገር ተነሥቼ ሳልሞላ ልመለስ እል ነበር።

እርስዎም፥ ውድ አንባቢ፥ ከመፈረምዎ በፊት የሚሄዱበትን ሳይሆን የሚመለሱበትን መንገድ ይሞክሩ፤ ቤተ ሰብዎን ጭነው፥ ማቀዝቀዣውን ከፍተው፥ በዳገት። የመሙያውን ሶኬት ዓይነት ይመልከቱ፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት የራሳቸው ሶኬት አላቸውና፥ በሚሄዱበት ከተማ ያለው የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የሚገጥም መሆኑን ይጠይቁ። ጽሕፈቱስ በሚያነቡት ቋንቋ ይሆን? የቤትዎን ቆጣሪና ሽቦም በዐዋቂ ያስመርምሩ፤ በተራ ሶኬት ሌሊቱን ዐሥር ሰዓት ቢሞሉ የሚያገኙት 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለእንደኔዪቱ ሢሶ ይሆናል።

እናቴን ከመኪናው ስናወርዳት እንቅልፍ ወስዷት ነበር። «ደረስን እንዴ?» አለች፤ ቀጥላም «ይኸ ልጅ ራቱን ሳይበላ እንዳይሄድ» ብላ ሻጩን ይዛው ገባች።