ጭነት ላይ ሳትለኩ «ደህና ነው» አትበሉ

ሦስት ሳምንት ስጠፋባችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አልታመምኩም፣ አልታሰርኩምም። አንድ ፓወር ሳፕላይ ስጠግን ነበር። «ለአንድ ዕቃ ሦስት ሳምንት?» የምትሉኝ ካላችሁ፣ ነገሩ የዕቃ ብቻ ስላልሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አዲስ ለተቀላቀላችሁኝ፦ አገር ቤት ወሎ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነበርኩ። እዚህ ጅቡቲ ጠመኔ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። እንጀራዬን የማገኘው ከሜኔሊክ አደባባይ ጀርባ፣ ወደ ሌ ኬስ ገበያ መውረጃ ላይ ባለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ነው። ባለቤቱ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም «ዓሚ» ነው የምንላቸው። እሳቸው ስልክና ቴሌቪዥን፣ እኔ ኮረንቲ የነካው ነገር ሁሉ።

መጀመሪያ ጅቡቲ የገባሁ ሰሞን «ሜኔሊክ አደባባይ እንገናኝ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ አራዳው ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት ፈልጌ ዞርኩ። ያገኘሁት ነጭ ቅስት ያላቸው የድሮ ሕንፃዎች፣ ካፌዎችና ታክሲዎች ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሙ የነፃነታቸው ቀን ነው፤ የ27 ጁን 1977 አደባባይ። ሰዉ ግን አሁንም ሜኔሊክ ይለዋል። ንጉሡ ባቡሩን ከዚህ ወደብ ወደ ላይ እንዲዘረጋ ፈቀዱ፤ እኛ ደግሞ መንገዱን ወደ ታች ወረድንበት።

ወደ ዕቃው ልመለስ።

አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ አንድ ከባድ የብረት ሣጥን በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። ሰውየው የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ያለው ነው፤ የጥሪ ምልክቱ በጄ28 ይጀምራል፤ ያ የጅቡቲ መለያ ነው። የእኛው አገር በኢቲ ይጀምራል። አዲስ አበባ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለው የአማተሮች ክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። ሣጥኑ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 13.8 ቮልት እየለወጠ ራዲዮውን የሚመግብ ነው። «ሞቷል» አለኝ።

ክዳኑን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ፊውዙን ነው። ቀድሞ የነካው ሰው የሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት ጠቅልሎበታል! ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፊውዝ የሚቃጠለው ሊነግረን ነው። መስታወቱ ጥቁር ብሎ ከተቃጠለ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው። ብር ወረቀት ስንጠቀልልበት የሚጮኸውን አፍ ዘጋን እንጂ በሽታውን አላዳንንም። ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው፤ ከዚያ ቤቱ።

አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። አገር ቤት አስተምሬዋለሁ፤ አሥረኛ ክፍል ከፊት ወንበር ነበር የሚቀመጠው። ስሙን አልጽፍም። ኑሮ ገፍቶት መጥቶ በሰው በሰው ሲያፈላልግ አገኘኝ። ሌላ ቦታ ስለሌለው ቀን ቀን ሱቋ ውስጥ ይውላል፣ ማታ እኔ ጋ ያድራል። ጠዋት ጠዋት «ደህና ነህ?» እለዋለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ቲቸር» ይለኛል። በዚህ መልስ ረክቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ሣጥኑን አብረን ያዝነው። ማወቅ ለምትፈልጉ፣ ደረጃው እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ ሶኬት ላይ አይሰካም። በዓይን ይታያል፣ ይሸተታል። ከዚያ ትልቁ ካፓሲተር ይራገፋል። ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ የተጠራቀመ ኃይል አለ፤ ብረት ቢነካው ይፈነዳል፤ በሬዚስተር ወይም በትንሽ አምፖል ቀስ ብሎ ነው የሚራገፈው። ቀጥሎ ዳዮዶቹ በቴስተር ይለካሉ። ደህና ዳዮድ በአንድ በኩል ግማሽ ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ሲገለበጥ ይዘጋል። ከአራቱ አንዱ በሁለቱም በኩል ዜሮ ሆነ። ሾርቱ ተገኘ። ዳዮዱን ቀየርን።

አሁን ይሰካ? አይደለም! መቶ ዋት የድሮ አምፖል፣ ያ የሚግለው ዓይነት፣ ከኮረንቲው ጋር በተከታታይ ይታሰራል። ውስጥ ገና ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ዕቃው ግን አይቃጠልም። ደህና ከሆነ አምፖሉ ለቅጽበት በርቶ ይደበዝዛል። የኛ በርቶ ደበዘዘ። ልጁ አጨበጨበ። ቴስተሩ 13.8 አለ።

«አለቀ ቲቸር!» አለኝ።

ጭነት የሌለበት ዕቃ ሁሉ ደህና ነው አልኩት። ሁለት የመኪና የፊት መብራት አምፖሎች አመጣሁና አሰርኩበት፤ ሁለቱ አንድ ላይ 10 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ወዲያው ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ማጉረምረም ጀመረ፣ ቴስተሩም ወደ 9 ወረደ። ካፓሲተሩ ደርቋል። ካፓሲተር ማለት እንደ ውኃ ሮቶ ነው፤ ከግድግዳው እየተቆራረጠ የሚመጣውን፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚለውን፣ አጠራቅሞ ለስልሶ ይሰጣል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ይደርቃል። በጠጋኞች ልማድ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። የጅቡቲን ሐምሌ ለምታውቁ ሌላ አልጨምርም። ሮቶው የሞላ ይመስላል፤ ቧንቧው ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ሌ ኬስ አካባቢ ስንዞር ውለን፣ አንድ ትልቅ ስላላገኘን ሁለት ባለ 10,000 ማይክሮፋራድ ጎን ለጎን አሰርን።

ማጉረምረሙ ጠፋ። ግን መብራቱ አሁንም ደካማ ነው። ሰርኪዩቱ ላይ ስለካ 13.8። መውጫው ላይ ገመዱ ጋ ስለካ 11.8። እንደገና ውስጥ፣ 13.8። እንደገና ውጭ፣ 11.8። ሁለት ቮልት የት ገባ? አራት ቀን ትራንዚስተሩን ጠረጠርኩ፣ ሰርኪዩቱን ጠረጠርኩ፣ እጄንም ጠረጠርኩ። መጨረሻ ላይ ልጁ የመውጫውን ብሎን በጣቱ ነካና «አቃጠለኝ!» ብሎ ጮኸ። ፈታነው። ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት። የባሕር ጨው ነው። 10 አምፔር ሲያልፍበት ሁለት ቮልት ትበላለች፣ ያ 20 ዋት ሙቀት ነው፤ ጣት የሚያቃጥለው እሱ ነው። ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ደግሞ የሚለካው ከብሎኑ በፊት ስለሆነ፣ በእሱ ቤት ሁሉ ነገር ሙሉ ነው። የሚደርሰው ሰው ጋ ግን አልደረሰም።

ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስንቱ ሪፖርት ውስጥ 13.8 ነን! በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የስደተኞች ሕግ መሥራትም መማርም መብታችን ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን መለካት ያለበት መውጫው ላይ ነው፤ እናቶች ድንኳን ውስጥ ሽሮ የሚያማስሉበት፣ ወጣቱ መታወቂያ ይዞ ሥራ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ።

ይህን እየሰበክሁ እኔው ራሴ እንዴት እንደተሳሳትኩ ግን ልንገራችሁ።

ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን የገጠምን ዕለት ማታ፣ ልጁ ከቦርሳው ትንሽ የእጅ ራዲዮ አወጣ። የቻይና ስሪት፣ ሞባይል የሚያክል፣ አንቴና ያለው።

«ቲቸር፣ ይቺን ቻርጅ ያድርጉልኝና ቻናል 16ን ይሙሉልኝ» አለኝ።

ቻናል 16 መርከቦች የአደጋ ጥሪ የሚሰሙበት ነው፤ 156.8 ሜጋኸርዝ። ለምን እንደፈለገው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ኦቦክ ነው። ጀልባ ነው። ለደላላው ቀብድ ከፍሏል። ገንዘቡ የእናቱ በሬ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ካውያ ሲያቀብለኝ፣ እኔ ያለ ጭነት እየለካሁት ነበር። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» 13.8።

አልጮኽኩበትም። መጮኽ የብር ወረቀት መጠቅለል ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁና እንደ ድሮአችን አስተማርኩት።

ይህ ራዲዮ የሚያየውን ያህል ብቻ ነው የሚሰማው። ሞገዱ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ምድር ደግሞ ክብ ናት። አንቴናው ከባሕሩ 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ ሌላ ጀልባ ላይ ያለ ተመሳሳይ ራዲዮ ቢበዛ 8 ኪሎ ሜትር ላይ ይሰማዋል። የብስ ላይ 30 ሜትር ከፍታ ያለው አንቴና ቢኖር እስከ 26 ኪሎ ሜትር። ይህ ማዕበሉ ጎትቶ ሳያወርደው፣ ውኃ ሳይገባው ነው፤ ይህች ዕቃ ደግሞ ውኃ አትችልም። ባሕር ላይ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው በማንኛውም መንገድ እርዳኝ ማለት ይፈቀድለታል፣ ሕጉ አይከለክልህም። ግን ጨለማ ውስጥ የት እንዳለህ ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ? ደላላው ይቺን በእጅህ ይዘህ ያስገባሃል ወይ?

ከዚያ የምታውቁትን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጀልባዎች ጅቡቲ ዳርቻ ጎዶሪያ አካባቢ ተገለበጡ። በመጀመሪያው ቢያንስ 38፣ በሁለተኛው ከ20 በላይ ሰው አለቀ፤ ሕፃናት ጭምር። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ ተሳፋሪዎችን ባሕር መሃል ዝለሉና ዋኙ ብለው ከ40 በላይ ሰው ሞተ። እነዚህ ሁሉ ወደ የመን የሚሄዱ አልነበሩም። ከየመን ሲመለሱ ነው። «አልሆነልንም፣ እንመለስ» ያሉ ናቸው።

ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «እሺ ቲቸር፣ በሬውንስ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

በማግስቱ ሣጥኑን ለፈረንሳዊው ቤቱ ወሰድንለት። ራዲዮውን ከፈተና እንድንሰማ ፈቀደልን። ማይኩን እንዳንነካ ነገረን፤ ልክ ነው፣ ፈቃድ የለንም። ስደተኛ ያለ ፈቃድ አየር ላይ ቢወጣ መዘዙ ለሁላችን ነው፤ ይህን ለወጣቶች አደራ እላለሁ። 14 ሜጋኸርዝ ላይ ጣልያን ገባ፣ ሩሲያ ገባ፣ ጥርት ብሎ። ልጁ «አዲስ አበባን ይፈልጉልን» አለ። የለም። ፈረንሳዊው በእጁ እያሳየ አስረዳን፤ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይ ተንጸባርቆ፣ ሩቅ ቦታ ነው የሚወርደው። መሃል ያለውን አገር ዘሎት ያልፋል። ለቅርቡ ዝቅ ያለ ድግግሞሽ፣ 7 ሜጋኸርዝ ዓይነት፣ ይሻላል፤ ያኔ ግን የሰማነው ጫጫታ ብቻ ነበር። ሮም ይሰማል፣ አዲስ አበባ አይሰማም። ስንወጣ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም።

ማታ እናቱ ዘንድ ደወልን፤ ኔትወርክ ተገኘ። «መምህር፣ ልጄ ደህና ነው?» አሉኝ። አፌ ላይ የመጣው «ደህና ነው እናቴ» ነበር። ዋጥኩት። «እናቴ፣ አለ። አጠገቤ ነው። ግን ከብዶታል፤ ስለ በሬው ነው የከበደው» አልኳቸው። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ «በሬው በሬ ነው፤ እሱን ስጡልኝ» አሉና ስልኩን ተቀበለ። ወደ ውጭ ወጣሁላቸው።

እስከ ዛሬ አልሄደም። ነገ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ አልዋሻችሁም። ቀብዱ አልተመለሰም። የእጅ ራዲዮዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፣ እንድሞላለትም አልጠየቀኝም። ከፈረንሳዊው ከተከፈለን ግማሹን ለእናቱ ላከ።

አገር ቤትና ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስትደውሉ «ደህና ነህ?» ብላችሁ አትዝጉ። ምን በላህ፣ የት አደርክ፣ የማን ዕዳ አለብህ፣ ማን ነው የሚያስቸግርህ ብላችሁ ጠይቁ። ያ ጭነት ላይ መለካት ነው። «እገሌ እኮ ሳዑዲ ገብቶ ቤት ሠራ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እባካችሁ ተዉልን፤ ለናንተ ወሬ ናት፣ እዚህ ግን ፊውዝ ታቃጥላለች።

ጅቡቲ ከተማ ላላችሁ ወጣቶች፣ ዓሚ ፈቅደዋል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በእኛ ሰዓት ከ10 በኋላ፣ ሱቋ ለሁላችሁ ክፍት ናት። ቴስተር አያያዝ፣ ካውያ አያያዝ፣ ፊውዝ ማንበብ አስተምራለሁ። ክፍያ የለም። ቤታችሁ ውስጥ የተበላሸ ቻርጀር፣ ስታቢላይዘር፣ አሮጌ ራዲዮ ካለ አትጣሉት፣ አምጡት።

እና መቶ ዋት የድሮ አምፖል ያላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የኛዋ ትናንት ማታ ተቃጠለች።