ባነሩ ስልክ ውስጥ አልገባም

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ደንበኛዬ ዛሬ ጠዋት ለበዓል ያሠራችውን ባነር በቴሌግራም ላከችልኝ። "ይኸው፣ ፌስቡክ ላይ ቡስት አድርግልኝ" አለች።

ሱቋ በር ላይ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ወደ ጎን የተለጠጠ ነው። ስልክ ላይ ዋጋው ጭራሽ አይነበብም።

ለፊድ 1080 በ1350 ፒክስል ይሻላል አልኳት። ቁመቱ ረዘም ስለሚል ስክሪኑን ሞላ አድርጎ ይይዛል። ለስቶሪና ለሪልስ ደግሞ 1080 በ1920።

"ታዲያ ያንኑ አትስበውም?"

ሳብኩላት። ሞዴሏ ቀጭኔ ሆነች። ሁለታችንም ሳቅን።

ስቶሪ ሌላም ጣጣ አለው። ከላይ የገጹ ስም፣ ከታች የሚነካው ቁልፍ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ስልክ ቁጥሩን የሚጽፈው ደግሞ እዚያው ታች ነው! ከላይ ወደ 250፣ ከታች ወደ 340 ፒክስል ከጽሑፍ ነፃ ማድረግ ነው። ሪልስማ ከታች ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ጊዜ ካጠረ እኔ ካሬውን፣ 1080 በ1080ን እመርጣለሁ። ስቶሪ ላይ ባይደምቅም አያሳፍርም።

እናንተስ? ዲዛይነራችሁ በስንት መጠን ሠርቶ ይሰጣችኋል? ወይስ አንዱን ፖስተር ነው ሁሉም ቦታ የምትለቁት?