አስናቀች ብቻዋን፣ ጨንቻ በኅብረት

የዘፋኟን የአስናቀች ወርቁን ሕይወት የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከክራሯ ይጀምራል። እኔ ግን የጋሞ ደጋ፣ የጨንቻ ልጅ ስለሆንኩ መጀመሪያ የሚገርመኝ ክራሯ አይደለም፤ ብቻዋን መዝፈኗ ነው።

እኛ ዘንድ ዘፈን የብቻ ሥራ አይደለም። በመስቀል በዓላችን በማስቀላም፣ በሠርግም፣ በለቅሶም አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አቀባበሉ ደግሞ ሌላ ቦታ እንደሚታወቀው «እሱ ብሎ ሲጨርስ እኛ እንበል» አይደለም። አውጪው ሳይጨርስ ሁለተኛው ይገባበታል። ሦስተኛው ድምፁን ከላይ በቀጭኑ እየሰበረ ይደርስባቸዋል። ከሥር ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ይዞ ይቆያል። ሁሉም የየራሱን መንገድ ይሄዳል፣ ግን ማንም ማንንም አይረግጥም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ጨንቻ አጠገብ ወዳለችው ዶርዜ መጥቶ ይህንን ቀዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ በሸክላ ወጣ። የሸክላው ርዕስ የአንድ ዘፋኝ ስም አይደለም፤ የዶርዜ ሕዝብ ስም ነው።

እንግዲህ ከዚህ የመጣ ሰው አስናቀችን ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንዲት ሴት ከመሐል ተነጥላ ወጥታ «እኔ» ብላ ለመዝፈን ምን ያስፈልጋታል?

አስናቀች በ1927 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ተወለደች። ወላጆቿን ያጣችው በልጅነቷ ነው። ክራርን ትምህርት ቤት ገብታ ሳይሆን በራሷ ለመደች። በ1940ዎቹ ወደ ትያትር መድረክ ስትወጣ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ ትያትር የመጀመሪያዋ ተዋናይት ተብላ ስሟ ተመዘገበ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ትያትር፣ ለረጅም ዓመታት የሥራ ቤቷ ሆነ። በመድረክ የሌላ ሰው ቃል ትናገራለች፤ ክራሯን ስታነሳ የራሷን። በትዝታም ሆነ በባቲ፣ በአምባሰልም ሆነ በአንቺ ሆዬ፣ የፍቅሩን ነገር ሰም አልብሳ ወርቁን ለሚገባው ትተውለታለች።

ይህንን ያደረገችበትን ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል። በገና የነገሥታትና የጸሎት መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ክራር የዘፈንና የጠጅ ቤት ነው ተብሎ ይናቅ ነበር። አዝማሪ መባል ስድብ ነበር፤ ተዋናይት መሆን ነውር። አስናቀች ሁለቱንም በአንድ ጫንቃዋ ተሸከመች። በኅብረት የሚዘፍን ሰው ቢሰደብ ስድቡ ለብዙ ይካፈላል። ብቻውን የሚዘፍን ግን ጭብጨባውንም ሐሜቱንም ብቻውን ይወስዳል።

እዚህ ላይ የጨንቻ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም፤ የእኛም አባቶች በሽመና ሙያቸው ተሰድበዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል። ከደጋው ወርዶ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የከተመው ሸማኔ ጥበቡን ሠርቶ ይሸጣል፤ ያንኑ ጥበብ ለብሳ ዘፋኟ መድረክ ላይ ትቆማለች። አገሩ ቀሚሱን ወዶ ሸማኔውን፣ ዘፈኑን ወዶ ዘፋኟን ሲንቅ ኖረ። ስለዚህ የአስናቀች ታሪክ ለእኛ የሩቅ ሰው ታሪክ አይመስለኝም።

ብቻ መዝፈንና በኅብረት መዝፈን ሌላውም ዓለም የተፈተነበት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የገጠር ዘፈን፣ ካንትሪ የሚሉት፣ ታሪኩ ሲተረክ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1927 ብሪስቶል በምትባል ከተማ የተደረገው ቅጂ ሳይነሳ አይታለፍም። በዚያው አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዓይነት ዘፋኞች ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። አንዱ ጂሚ ሮጀርስ ነው፤ የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ ጊታሩን ይዞ ብቻውን፣ እሱም ድምፁን እየሰበረ የሚዘፍን። ሌላው የካርተር ቤተሰብ ነው፤ ባል፣ ሚስትና የወንድም ሚስት፣ ከተራራ አገር ወርደው በኅብረት የዘፈኑ። ሮጀርስ በሳንባ ነቀርሳ በ35 ዓመቱ ሞተ፤ አጭር ሕይወቱ ግን እስከ ዛሬ ይተረካል። ባልየው ኤ. ፒ. ካርተር ደግሞ በየተራራው እየዞረ የሰበሰባቸው የድሮ ዘፈኖች በእሱ ስም ተመዘገቡ። ዘፈኑን ያቀበሉት ብዙዎቹ የገጠር ሰዎች ግን ስማቸው እንኳን አልተጻፈም።

የኅብረት ዘፈን ትልቁ አደጋ ይኸው ነው። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም ለመባል ቅርብ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት የጋሞ ዘፈን ስቱዲዮ ይዞ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚወስደው የላይኛውን ዜማ ብቻ ነው፤ የቀረውን ኪቦርድ ይሞላዋል። ዘፈኑ ይታወቃል፣ ይጨፈርበታል። ነገር ግን አምስት ስድስት ሰው እርስ በርሱ እየተደማመጠ የሚሠራው ያ ከባድ ሥራ ቀርቶበታል። ወጣቱን አልወቅሰውም። ገበያው የሚያውቀው አንድ ፊትና አንድ ስም ነው፤ አምስት ሰው ከፍሎ ማስቀዳትም ቀላል ወጪ አይደለም።

በሌላ በኩል የእኛን ኅብረት ማር ብቻ አድርጌ አላወራም። ከተቀባዮቹ መሐል ቆማ በጣም የምትችል ሴት አለች። ሌሎቹ የሚጠብቁት እሷ የምትገባበትን ቦታ ነው፤ እሷ ከሌለች ዘፈኑ ይጎድላል። ያቺ ሴት ባሏ ስላሳዘናት፣ ልጇ አዲስ አበባ ወርዶ ስለቀረባት፣ ስለ ራሷ ብቻ የምትለው ነገር ቢኖራት በዚያ ኅብረት ውስጥ የምትልበት ቦታ ጠባብ ነው። አስናቀች ያገኘችው ስለ ራስ የሚባልበትን ቦታ ነው። ሕመሟን በራሷ ቃል መናገር ቻለች፤ ለዚህም ነው ዛሬ ስለ እሷ መጻፍ የምንችለው።

ዘግይቶም ቢሆን ዓለም ሰምቷታል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 16ኛው አልበም እ.ኤ.አ. በ2003 በእሷ ዘፈኖች ወጣ፤ ራሄል ሳሙኤል የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ታየ። ፊልሙ ለሕዝብ ሲደርስ እሷ በሕይወት አልነበረችም። በመጨረሻ ዓመታቷ አልጋ ይዛ ቆይታ፣ መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፈች። ይህ ጨንቻ ላይ ለማስቀላ እንጨት የሚለቀምበት፣ ከየከተማው የተበተነው ሸማኔ ወደ ቤቱ ለመመለስ ዕቃውን የሚሸክፍበት ወቅት ነው።

ሁለቱን መንገዶች ሳስተያይ አንዱን ከአንዱ ማስበለጥ አልፈልግም። አስናቀች ስም አገኘች፣ ዋጋውንም ለብቻዋ ከፈለች። የጨንቻዋ ዘፋኝ ሸክሙ ተጋራላት፣ ስሟ ግን ጠፋ። መጥፋቱ ደግሞ የግድ አልነበረም። ዘፈኑ የጋራ መሆኑ ያወጣውን ሰው ስም ለመርሳት ምክንያት አይሆንም። በየሰፈሩ ማን ጥሩ እንደሚያወጣ፣ ማን ከላይ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ያልተደረገው መጻፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማስቀላ ወደ ቤት ለምትወጡ ወንድሞቼና እህቶቼ አንድ ልመና አለኝ። ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥታችሁ ጭጋጉ ውስጥ ስትገቡ ስልካችሁን ማውጣታችሁ አይቀርም። ራሳችሁን ብቻ አትቅረጹ። ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትቆርጡ ያዙት፤ ስልኩንም ለአንዱ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እኩል አቅርቡት። ከዚያ ጠይቁ፦ ያወጣው ማን ነው? የሰፈሩ ስም ምንድን ነው? ዘፈኑ የሚባለው መቼ ነው? ከማንስ ተማረው? ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስማቸውን ከድምፁ ጋር ጻፉ። እናቶችን ደግሞ ለብቻቸው አረፍ ሲሉ «ለራስዎ ብቻ የሚሉት አለዎት?» በሏቸው። ምናልባት «የለም» ይሏችኋል፤ ምናልባትም ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ያወጡላችኋል።