ጣት ጠቅ፣ ሃያ ደቂቃ ጥበቃ

ቦሌ ሲባል ካፌና ኬክ ብቻ የሚታያችሁ አላችሁ አይደል? እስቲ አንድ ቀን በጎሮ በኩል አድርጋችሁ ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብቅ በሉ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ልብስና ጫማ የሚሰፋበት ቦታ ነው። ሥራ ሲለቀቅ ደጃፉ ላይ ብትቆሙ ሰርቪስ ለመያዝ የሚሽቀዳደሙት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከገጠር የመጡ፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት የተከራዩ።

እኔን ያመጣኝ የአባላዘር በሽታ ምርመራ ነው። አትሳቁ! ለእነዚህ ልጆች "ውጤቱን ነገ ነይና ውሰጂ" መባል የአንድ ቀን ደመወዝ ማጣት ነው። ስለዚህ አይመለሱም።

እዚያው አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። ላቦራቶሪ ካላችሁ አንድ ጠረጴዛ ነው። ነርሷ ጣት ጠቅ ታደርግና ጠብታ ደም መመርመሪያዋ ላይ ታሳርፋለች፤ ለኤችአይቪ አንድ፣ ለቂጥኝ አንድ። ከዚያ ሰዓት ማየት ነው። ቢበዛ ሃያ ደቂቃ!

ቆዩ ግን፣ መስመር ወጣ ማለት ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ኤችአይቪ አለ የሚባለው በሌሎች መመርመሪያዎች ሲረጋገጥ ነው። "ነፃ ነሽ" መባልም በቅርቡ ለተያዘች ዋስትና አይሆንም፤ ከሦስት ወር በኋላ መደገም አለበት። ቂጥኝማ ተንኮለኛ ነው፤ ታክሞ በዳነ ሰው ደምም መስመሩ ለዓመታት ይወጣል። ነርሷ "ከዚህ በፊት ታክመሽ ታውቂያለሽ?" የምትለው ወዳ አይደለም።

የሚያናድደኝ የጨብጥና የክላሚዲያ ነገር ነው። ለነሱ እንዲህ ያለ የጣት ምርመራ የለም። በየጤና ጣቢያው ሕክምናው በአብዛኛው በምልክት ነው፤ ፈሳሽ ወይም ሕመም ካለ መድኃኒት ይሰጣል። ብዙ ሴቶች ደግሞ ምንም ምልክት አያዩም! ውስጥ ለውስጥ ቆይቶ መሃን የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አግዳሚው ላይ አጠገቤ የነበረች ልጅ ቂጥኝ ተገኘባት። ራሷ ናት የነገረችኝ። መድኃኒቱስ ቀላል ነው፣ የፔኒሲሊን መርፌ ነው። ጓደኛዋ ካልታከመ ግን ተመልሳ ትያዛለች።

"ሲስተር እሱንም ይዘሽው ነይ አለችኝ" አለች፣ ስልኳን እያገላበጠች። "ወንድሜ፣ ምን ብዬ ልንገረው? አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ ቢለኝስ?"

"መጀመሪያ ይምጣና ይመርመር፤ ጭቅጭቁ ይደርሳል" አልኳት።

ሳቅ ብላ ደወለች። አላነሳም። እንደገና ደወለች።