ኒሻን

ሐረር፣ ከጁገል ግንብ ውጪ ባለው አዲሱ ከተማ፣ የማውቃቸው አንድ የቀድሞ ጦር ሻለቃ አሉ። በግቢያቸው በር አጠገብ የብረት ምሰሶ ቆሟል። ባንዲራ የለበትም። ካወቅኋቸው ጀምሮ ባዶውን ነው፤ ቀለሙ ተልጦ ዝጓል። አንድ ቀን ደፍሬ፣ "ሻለቃ፣ ይህ ብረት ለምን ቆመ?" አልኋቸው።

"ምን ልስቀልበት?" አሉኝ መልሰው። "አንበሳ ላለበት ምዬ ነው መኮንን የሆንሁት። አንበሳው ሲነሣም ዘምቻለሁ። ኮከብ ያለበት ሲመጣ እቤቴ ነበርሁ። ዛሬ አንዱን መርጬ ብሰቅል፣ በዚህ በኩል የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ እኔን ሊያነብበኝ ነው። ልሙጡን ብሰቅል አንድ ነገር ይለኛል፤ ባለኮከቡን ብሰቅል ሌላ። ይቅርብኝ።"

እውነታቸውን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ዓርማ የሌለውን መያዝ ከልክሏል፤ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ግን ክርክሩ ከታቦቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ስለተባለ እኔ አልጨምርበትም። ልነግራችሁ የፈለግሁት በሰው አገር ስላገኘሁት ስለ ሌላ ባንዲራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በመኪና ስንጓዝ፣ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄድን በኋላ ማኪንዱ የምትባል ትንሽ ከተማ ጥግ ላይ ሞተራችን ጋለና ቆመ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በኪሳችን የነበረው ለነዳጅ ብቻ ነው። ሾፌሩ ኬንያዊ ነበር፤ ከዛፎቹ በላይ በረጅም ምሰሶ ጫፍ ወደሚውለበለብ ባለሦስት ማዕዘን ብርቱካናማ ጨርቅ ጠቆመኝና፣ "እዚያ ምግብ አለ፤ ሂሳብ የለውም" አለ። አላመንሁትም። ባንዲራ ያለበት ቦታ ለእኔ ወይ ቀበሌ ነው፣ ወይ ፖሊስ ጣቢያ፤ በሁለቱም ምሳ በልቼ አላውቅም።

የሲኮች ቤተ መቅደስ ነበር። በ1926 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ ሲሆን፣ መነሻው ከሞምባሳ ሽቅብ የባቡር ሐዲድ ሊዘረጉ ከሕንድ የመጡት ሠራተኞች ናቸው። ጫማ አወለቅን፤ ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አስተምረውናል። ራሳችንን በጨርቅ ሸፈንን፣ እጃችንን ታጠብን፣ ሳህን ይዘን ተቀመጥን። ስስ ቂጣ፣ ሩዝ፣ በርበሬው የጎደለው የእኛው የምስር ወጥ፣ በመጨረሻም በወተት የፈላ ሻይ። ከጎኔ የጭነት መኪና ረዳት፣ ከእሱ ቀጥሎ ልጅ ያዘለች ሴት። ማንም ስሜን አልጠየቀኝ፣ ሃይማኖቴንም አልጠየቀኝ። የጠየቁኝ "ቂጣ ይጨመር?" ብቻ ነው።

ሻዩን ያቀረቡልኝን ነጭ ጢማም አዛውንት፣ ውጪ የቆመው ምን እንደሚባል ጠየቅኋቸው። "ኒሻን ሳሂብ" አሉኝ። ሳቄ መጣ። እኛ ኒሻን የምንለው ጀግና ደረት ላይ የሚንጠለጠለውን ነው! ቃሉ ከፋርስ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ምልክት ማለት ነው። "ሳሂብ" ደግሞ የክብር መጥሪያ ነው፤ ጨርቁን "እርስዎ" እንደማለት ያለ ነው። አዛውንቱ እንደነገሩኝ ባንዲራው የሚቆመው ከሩቅ እንዲታይ ነው። መንገደኛ የራበውና የመሸበት እንደሆነ ወዴት እንደሚሄድ ይወቅ።

ይበልጥ የገረመኝ ምሰሶው ነው። ብረቱ ራሱ ከላይ እስከ ታች ጨርቅ ይለብሳል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ በሚውለው የቫይሳኪ በዓል፣ ምሰሶው ዝቅ ተደርጎ ልብሱ ይገፈፋል፤ በውኃና በወተት ይታጠባል፤ አዲስ ይለብስና እንደገና ይቆማል። እኛ "ሰንደቅ ዓላማ" ስንል ሰንደቁ እንጨቱ ነው፤ ዓላማው ጨርቁ። በስሙ ላይ እንጨቱን አስቀደምነው እንጂ፣ ዘወር ብለን ያየነው የለም።

የዋህ ባንዲራ ነው ብዬ ግን አላታልላችሁም። በመካከሉ ያለው ዓርማ ሁለት ጎራዴ፣ በመሐላቸው ቀለበትና በሁለት በኩል የተሳለ ሰይፍ ነው። በ1606 (እ.ኤ.አ.) የሙጋል ገዢዎች አምስተኛውን መሪያቸውን፣ ጉሩ አርጃንን፣ ከገደሏቸው በኋላ ልጃቸው ጉሩ ሃርጎቢንድ ሁለት ሰይፍ ታጠቁ፤ አንዱ ለመንፈሱ፣ አንዱ ለዓለሙ። ዛሬም አምሪትሳር በሚገኘው አካል ታክት ፊት ሁለት ባንዲራ ጎን ለጎን ይቆማል፤ የመንፈሱ ከፍ ይላል። ጠብም አይጠፋበትም። ጥር 18 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እኛ ጥምቀትን ባከበርን በሳምንቱ፣ የተቆጡ የሕንድ ገበሬዎች ዴልሂ ቀይ ምሽግ ላይ ኒሻን ሳሂብን ሰቀሉ። ግማሹ አገር "የተገንጣዮች ባንዲራ ነው" ብሎ ጮኸ፤ ሌላው "የጸሎት ቤት ነው" አለ። በ2016 ክረምት ደግሞ የቤተ መቅደሶቻቸው አስተዳደር ቀለሙ ከብርቱካናማ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ጥቁር ሰማያዊ እንዲመለስ አዘዘ። የቀለም ነገር የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሐረር ስመለስ ይህን ሁሉ ለሻለቃው አወራሁላቸው። ለካ ሲክ ያውቃሉ! በ1950ዎቹ የሐረር ጦር አካዳሚ ሲያስተምሯቸው ከነበሩት የሕንድ መኮንኖች አንዱ ጥምጣም ነበረው። "እኛ ዕጩ መኮንኖች 'መምሬ' ነበር የምንለው" አሉና ሳቁ። "አንድ ቀን ሰምቶን ትርጉሙን ጠየቀ። ቄስ ማለት ነው ብንለው ደስ አለው።" ከዚያ ሳቃቸው ቆመና፣ በ1933 ዓ.ም. ከረን ላይ ጣሊያንን ሲወጉ የሞቱ ሲኮች መኖራቸውን ያ መኮንን እንደነገራቸው አስታወሱ። ሬሳቸው በወጋቸው የተቃጠለበት መታሰቢያ እዚያው ከረን አለ።

"እና ባንዲራው ያለበት ሁሉ ይበላል?" አሉኝ።

"ማንም ይበላል፣ ሻለቃ።"

"እዚህማ ጅብ እንኳ ይበላል" አሉ። የዓሹራን ገንፎ ማለታቸው ነው፤ በሙሐረም አሥረኛው ሌሊት ቅቤ የጠጣ ገንፎ ለጅቦች የሚቀርብባት ከተማ ናት፣ ሐረር። የጁገል በሮች ሲመሽ በሚዘጉበት ዘመን እንኳ በግንቡ ሥር የጅብ መግቢያ ቀዳዳ ነበር።

ዝም ብለው ብረቱን አዩት።

"እናቴ" አሉ፣ "ጠላ የጠመቀች ዕለት እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ በራፋችን ላይ ታቆም ነበር። መንገደኛ አይቶ ይገባል። ሳንቲም ያጣውም ገብቶ ይጠጣ ነበር። ያን ባንዲራ ትለዋለህ?"

ምን እንደምመልስ ሳስብ፣ ከውስጥ የባለቤታቸው ድምፅ "ቡናው ቀዘቀዘ!" አለ።

"ና ግባ" አሉኝ ሻለቃው፣ በሩን ገፋ አድርገው።