ስለ ጋንዲ ጾም

ጾም በእኛ ዘንድ የለመድነው ነገር ስለ ሆነ፥ ለማን እንደሚጾም የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ባለፈው ዐቢይ ጾም ግን አንድ የቅኔ ተማሪ ስለ ሕንዱ ሰው ስለ ማሃትማ ጋንዲ አንብቦ መጥቶ፥ «የኔታ፥ ይህ ሰው የጾመው ለማን ነው? ለአምላክ ነው፥ ወይስ ለእንግሊዝ መንግሥት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ጾመኛ ፊቱን ታጥቦ፥ ራሱን ተቀብቶ፥ መጾሙን ከሰው እንዲሰውር በወንጌል ታዞ ሳለ፥ ይህ ሰው ግን ጾሙን በአደባባይ ያስነግር ነበርና። ስለዚህ እርሱ ስለ ራሱ የጻፈውን፥ ሌሎችም ስለ እርሱ የጻፉትን እያነበብሁ ሰነበትሁ። የደረስሁበትንም ከዚህ በታች ለአንባብያን አቀርባለሁ፤ ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ፥ አባቶቻችን በግእዝ ህንደኬ በሚሏት አገር፥ በምዕራብ በኩል በባሕር ዳር ባለችው በፖርባንዳር ከተማ በ1869 ዓ.ም. ኦክቶበር 2 ቀን ተወለደ። ማሃትማ የክብር ስሙ ነው፤ ታላቅ ነፍስ ማለት ነው። ጾምን በመጀመሪያ ያየው ከእናቱ ከፑትሊባይ ዘንድ ነው። በአገራቸው በክረምቱ አራት ወር ሃይማኖተኛ የሆነ ሰው ልዩ ልዩ ስእለት ይሳላል፤ እርሷም በአንድ ክረምት ፀሓይን ሳላይ እህል አልቀምስም ብላ ተሳለች። ደመናው በከበደ ቀን ልጆቿ ደጅ ቆመው ሰማይ ሰማዩን ሲመለከቱ ይቈያሉ፤ ፀሓይ ብቅ ባለች ጊዜ እየሮጡ ይነግሯታል፤ እርሷ በዓይኗ ለማየት እስክትወጣ ድረስ ግን ፀሓይ ተመልሳ በደመና ትሸፈናለች። ያን ጊዜ ፊቷ ሳይጠቍር፥ ዛሬ እንድበላ አምላክ አልወደደም ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ስለ ጋንዲ ካነበብሁት ሁሉ ይህን ያህል ልቤን የነካው የለም። የዚህች ሴት ጾም ለአደባባይ አልተነገረም፤ ከማንም ምንም አልጠየቀም። የልጇ ጾም ከዚህ ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ ማየት ይገባል።

በ1888 ዓ.ም. ሕግ ሊማር ወደ ለንደን ሲሄድ ሥጋና መጠጥ እንዳይቀምስ፥ ሴትም እንዳይነካ ለእናቱ ማለላት። በዚያም የአባቶቹን መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታን፥ መጽሐፍ ቅዱስንም አነበበ። ከኦሪት ዘፍጥረት በኋላ ያለው ንባብ እንቅልፍ ያመጣበት እንደ ነበር ራሱ ጽፏል፤ ይህን የብሉይ መምህራን ቢሰሙ ይቈጣሉ። ጌታችን በተራራ ላይ ያስተማረው ትምህርት ግን ወዲያው በልቡ ገባ። ይሁን እንጂ ከአባቶቹ ሃይማኖት አልወጣም፤ ሂንዱ ሆኖ ኖረ፥ ሂንዱ ሆኖ ሞተ። አስቀድሞ እግዚአብሔር እውነት ነው ይል የነበረውን ኋላ ገልብጦ እውነት እግዚአብሔር ነው ማለት ጀመረ፤ አምላክ የለም የሚል ሰው እንኳ እውነት የለም ለማለት አይደፍርም ብሎ ነው። ይህ ግልባጭ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች አይስማማንም። ሰውየውን ለማወቅ የሚሻ ግን ይህን ሳይዝ ሊያውቀው አይችልም፤ ሥራው ሁሉ ከዚህ ይወጣልና።

በ1893 ዓ.ም. ለጥብቅና ሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ 21 ዓመት ያህል ተመላለሰባት። በ1906 ዓ.ም. በትራንስቫል ያሉ ሕንዶች እየተመዘገቡ የጣት አሻራ እንዲሰጡ የሚያዝዝ ደንብ በወጣ ጊዜ፥ እምቢ በሉ፥ ነገር ግን ማንንም አትምቱ፥ ወኅኒ ቢያወርዷችሁም ግቡ ብሎ አስተማረ። ለዚህ ዓይነቱ እምቢታ ስም አልነበረውምና ስም ለሚያወጣ ሽልማት እንደሚሰጥ በጋዜጣው አስታወቀ። ማጋንላል የተባለ ዘመዱ «ሳዳግራሃ» አለ፤ በመልካም ነገር መጽናት ማለት ነው። ጋንዲም ቃሉን ተቀብሎ «ሳትያግራሃ» ብሎ አረመው፤ እውነትን አጥብቆ መያዝ ማለት ነው። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ተማሪው ሌሊቱን ሲቈጥር ያደረውን ቅኔ ለመምህሩ በነገረ ጊዜ፥ መምህሩ አንዲት ቃል ለውጠው ይመልሱለታል፤ በዚያች ቃልም ወርቁ ይወጣል።

ሰምና ወርቅ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። ጋንዲ ወተት እንዳይጠጣ ምሎ ነበር። በ1918 ዓ.ም. በጽኑ ታሞ ሐኪሞች ወተት ካልጠጣህ አትበረታም ባሉት ጊዜ፥ ሚስቱ ካስቱርባይ የፍየል ወተት ግን ምን ይከለክልሃል አለችው፤ ሲምል ያሰበው የላምንና የጎሽን ወተት ነበርና። እሺ ብሎ ጠጣ። ኋላ ሲጽፍ ግን የመሐላውን ፊደል ጠብቆ ነፍሱን እንዳፈረሰ አልሸሸገም። በእኛ አነጋገር ሰሙን ይዞ ወርቁን ጣለ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ በጾሙም ላይ ራሱን በዚሁ ሚዛን መዝኗልና።

በ1915 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በሠራተኛና በጌታ መካከል ገብቶ የጾመው በ1918 ዓ.ም. በአህመዳባድ ከተማ ነው። የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ከደመወዛችን ላይ በመቶ 35 ይጨመርልን ብለው ሥራ አቆሙ። ጋንዲ እስኪጨመርላችሁ አትመለሱ ብሎ አስማላቸው፤ በየቀኑም ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር እየሰበሰበ ይመክራቸው ነበር። ቀኑ ሲረዝም ረኃብ ጸናባቸውና መሐላው ሊፈርስ ተቃረበ። አንዳንዶቹም፥ ጋንዲና ባልደረቦቹ በአውቶሞቢል ይመጣሉ፥ ጥሩ እህል ይበላሉ፥ እኛ ግን በረኃብ አለቅን እያሉ አጕረመረሙ።

ስለ ረኃብ የማውቀውን በዚህ ቦታ ልናገር። በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ በየደጁ ቁራሽ ስለምን ውዬ፥ ውሻ ተከላክዬ፥ አኮፋዳዬን ባዶውን ይዤ ወደ ጎጆዬ የተመለስሁበት ቀን ብዙ ነው። ያ ረኃብ ጾም አልነበረም፤ አልመረጥሁትምና። የጠገበ ሰው መጥቶ በርታ፥ ጽና ቢለኝ ኖሮ ምክሩ ቢያስቈጣኝ እንጂ አያጸናኝም ነበር። ስለዚህ የሠራተኞቹ ማጕረምረም እውነተኛ ነበር እላለሁ፤ ጋንዲም እውነተኛ መሆኑን ስላወቀ፥ ጉዳያችሁ እስኪፈጸም ድረስ እኔም እህል አልቀምስም አለ። እነርሱ ሳይወዱ የገቡበትን ረኃብ እርሱ ወዶ ገባበት።

በሦስተኛው ቀን ባለ ፋብሪካዎቹ ነገሩ በሽማግሌ እንዲታይ ተስማሙ፤ ኋላም 35ቱ ተፈረደላቸው። ሕዝቡ ድል ነው ብሎ ደስ አለው። ጋንዲ ግን ይህ ጾም ከባድ ጉድለት አለበት ብሎ ጻፈ። የባለ ፋብሪካዎቹ አለቃ አምባላል ሳራባይ ወዳጁ ነበር፤ የአምባላል እኅት አናሱያም ከሠራተኞቹ ጋር ቆማ ነበር። ስለዚህ ጾሙ ለሠራተኞቹ ማጽናኛ ሲሆን ለባለ ፋብሪካዎቹ ግዳጅ ሆነባቸው፤ የወዳጃቸውን ሞት ፈርተዋልና።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ በ1932 ዓ.ም. የጾመው ነው። በሕንድ አገር ሰው በዘር ተከፍሎ ይኖር ነበር፤ ከሁሉ በታች ያሉትንም አይነኬ ብለው ከውኃ ጕድጓድና ከቤተ መቅደስ ይከለክሏቸው ነበር፤ ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት ይላሉ። የእንግሊዝ መንግሥት እነዚህ ሰዎች እንደራሴዎቻቸውን ለብቻቸው ይምረጡ ብሎ በወሰነ ጊዜ፥ ጋንዲ ይህ ሕዝባችንን ለሁልጊዜው ይከፍላል ብሎ፥ በየራቭዳ ወኅኒ ቤት ሳለ ሴፕቴምበር 20 ቀን እስከ ሞት ድረስ ሊጾም ጀመረ። የእነዚያ የተናቁት መሪ ከእነርሱው የተወለደው ዶክተር አምቤድካር ነበር። አንባቢ ራሱን በአምቤድካር ቦታ አቁሞ ያስብ። ጋንዲ ቢሞት ደሙ በማን ላይ ይፈለጋል? በየመንደሩ ተበትነው በሚኖሩ፥ ዘበኛ በሌላቸው ድኾች ላይ አይደለምን? ሴፕቴምበር 24 ቀን ውሉን ፈረመ። በየአውራጃው ምክር ቤት ለወገኖቹ የተመደበው ወንበር ከ71 ወደ 148 ከፍ አለ፤ ለብቻ መምረጡ ግን ቀረ። በዚያው ሳምንት ብዙ ቤተ መቅደሶች ለተናቁት ደጃቸውን ከፈቱ፤ ይህም መነገር አለበት። አምቤድካር ግን ነገሩን አልረሳውም፤ በ1945 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጾሙን አጥብቆ ነቀፈው። እኔም የሁለቱን ነገር አይቼ ለአምቤድካር አደላሁ። በኃይለኛ ላይ የሚጾም ሰው ሸክሙን ራሱ ይሸከማል፤ በደካማ ላይ የሚጾም ግን ሸክሙን ለደካማው ያሸክመዋል።

ጾም ስለ ተባለ ብቻ ነገር ሁሉ ቅዱስ አይሆንም። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳንገድል እህል ውኃ አንቀምስም ብለው እንደ ተማማሉ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። አስቴርም ወደ ንጉሡ ከመግባቷ በፊት ሦስት ቀን ጾማለች፥ ሕዝቡንም አስጾማለች፤ ስለ ጾሟ ግን ለንጉሡ አንዳች አልነገረችውም። ጾሟ ወደ አምላኳ፥ ልመናዋ ወደ ንጉሡ ነበረ፤ ሁለቱን አልደባለቀችም። ጋንዲ ደባለቃቸው። ለተማሪዬ የመለስሁለት ይህን ነው፤ የዚህ ሰው ጾም ወደ ላይም ወደ ጎንም ያያል አልሁት። እርሱም አደገኛነቱን ያውቅ ነበርና በ1924 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ ሕግ አበጅቶለታል፤ ጾም በሚወድህ ሰው ላይ እንጂ በግፈኛ ላይ አይጾምም፤ ያም ቢሆን መብት ለመንጠቅ ሳይሆን ወዳጅን ከጥፋቱ ለመመለስ ነው ይላል። በዚያው ዓመት ሂንዱዎችና ሙስሊሞች በተጋደሉ ጊዜ በዴልሂ 21 ቀን ጾመ፤ የጀመረውም በሙስሊሙ ወዳጁ በመሐመድ አሊ ቤት ነው። ጾሙን በፈታ ቀን ከቍርኣን ተነበበ፥ ከሂንዱዎቹም መጻሕፍት ተነበበ፥ ቻርልስ አንድሩስ የተባለው እንግሊዛዊም ስለ መስቀሉ የሚናገር መዝሙር ዘመረ።

ይህ ሕግ ፍቅር በሌለበት ምን ይሆናል? ጥያቄው ለእኛ የሩቅ አይደለም። በ1938 ዓ.ም. ጋንዲ ሃሪጃን በተባለው ጋዜጣው ስለ አገራችን ሲጽፍ፥ ሐበሾች ተሰብሮ እንጂ የማይታጠፈውን የብርቱዎች ትዕግሥት ይዘው ቢሆን ኖሮ ሙሶሊኒ አገራቸውን ባልፈለገም ነበር የሚል አሳብ አቀረበ። ይህ ሲጻፍ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ከተረሸኑ አንድ ዓመት ሆኖ ነበር። የፋሺስቱ ሹም ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ከ400 በላይ ቈጥሯል፤ ኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን ቍጥሩን ከዚያ እጅግ አብልጠው አግኝተውታል። እነዚያ መነኮሳት መሣሪያ ይዘው አልተገኙም፤ ሙሶሊኒም ስለ እነርሱ ትዕግሥት አገራችንን መፈለጉን አልተወም። ስለዚህ ጋንዲ በዚህ ነገር ሕጉን ከሚገባው በላይ ዘረጋው እላለሁ። ደግሞም ራሱ በ1920 ዓ.ም.፥ ፈሪ ከመሆንና ከመምታት ሌላ ምርጫ ከሌለ መምታት ይሻላል ብሎ ጽፎ ነበር፤ አርበኞቻችንን በዚህኛው ቃሉ ቢመዝናቸው ይሻል ነበር።

ሕጉ በቦታው ሲውል ግን ምን እንደሚሠራ በካልካታ ታይቷል። በ1947 ዓ.ም. ሕንድ ነጻ ወጥታ ለሁለት በተከፈለች ጊዜ፥ ጋንዲ ወደ ዴልሂ ለበዓል አልሄደም፤ በካልካታ ከሙስሊሙ መሪ ከሱህራዋርዲ ጋር በአንድ ቤት ተቀምጦ የነጻነቱን ቀን በጾምና በጸሎት ዋለ። በወሩ መጨረሻ ሁከት እንደ ገና ተነሣና ሴፕቴምበር 1 ቀን ጾም ያዘ። 73 ሰዓት ቈየ። ከአዋኪዎቹ አንዳንዶቹ መሣሪያቸውን እያመጡ በፊቱ አኖሩ፤ የከተማይቱም ሽማግሎች ዋስ ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ግፈኞች ቢሆኑም ይወዱት ነበር።

የመጨረሻውን ጾም በ1948 ዓ.ም. ጃንዋሪ 13 ቀን በዴልሂ ጀመረ። ዕድሜው 78 ነበር። የጠየቀው ከራሱ ወገን ነው፤ ከፓኪስታን የተሰደዱት ሂንዱዎችና ሲኮች የያዟቸው መስጊዶች ይመለሱ፥ ሙስሊሞችም በከተማይቱ ያለ ፍርሀት ይመላለሱ፥ በመህራውሊ ባለው በቅዱሳቸው በቁጥቡዲን ባክቲያር መቃብር የዓመት በዓላቸውን በሰላም ያክብሩ አለ። የሕንድ መንግሥትም ለፓኪስታን ሊሰጥ ተስማምቶ የያዘውን 550 ሚሊዮን ሩፒ ለመክፈል በጾሙ በሦስተኛው ቀን ወሰነ። ጃንዋሪ 18 ቀን የየወገኑ አለቆች ቃል ኪዳን ፈረሙለት፤ መውላና አዛድም የብርቱካን ጭማቂ ሰጠውና ጾሙን ፈታ። ከሁለት ቀን በኋላ በጸሎቱ ስፍራ አጠገብ ፈንጂ ፈነዳ። ጃንዋሪ 30 ቀን ወደ ማታ ጸሎት ሲሄድ ናቱራም ጎድሴ የተባለ ሂንዱ በሦስት ጥይት ገደለው። ጎድሴም በፍርድ ቤት ለዚህ ያስቈረጠኝ ያ ጾሙ ነው አለ።

ጋንዲ ከመሞቱ ከሦስት ቀን በፊት፥ ከጾሙ ድካም ገና ሳይጸና፥ ወደ መህራውሊ ሄዶ ነበር። የመቃብሩ እብነ በረድ በሁከቱ ጊዜ የተሰበረበትን አይቶ አዘነ። በዓሉ ግን ተከበረ፤ ሙስሊሞቹ መጥተው ነበር፥ ሂንዱዎችና ሲኮችም ከእነርሱ ጋር መጥተው ነበር። በመካከላቸው ቆሞ ጥቂት ቃል ተናገራቸው፤ ከዚያም ለማታው ጸሎት ወደ ዴልሂ ተመለሰ።